ሦስተኛዋ እግር

በሠፈሩ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ጆሮው» ነው የሚባለው። ራድዮ፣ ቴፕ፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር፣ ብቻ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ሲታመም ወደ እሱ ይመጣል። የሚሠራባት ክፍል ከፀጉር ቤትና ከጫማ ሰፊ መሐል የተሰነቀረች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ያበራውና ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጠዋል። ባለቤቱ መቼ እንደገዛው፣ ማን እንደጣለው፣ ማን እንደነካካው መተረክ ሲጀምር እጁን ያነሣና «እርስዎ ይቆዩ፤ መጀመሪያ እሱ ይናገር» ይላል።

ሚስቱ በዚህ ነገር ትስቅበታለች። «የሰው ዕቃ ሲያጉረመርም ከሦስት ቤት ማዶ ትሰማለህ። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሳጉረመርም ግን ወይ ፍንክች! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት አንተን አይተው መሆን አለበት» ትለዋለች።

«ላንቺ ማጉረምረም የሚሆን መፍቻ አልተሠራማ» ይላታል እሱ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አዛውንት አምፕሊፋየራቸውን እንደታመመ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ታቅፈው መጡ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ «መምህር» ይላቸዋል።

«ያጉረመርማል» አሉ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፉ። «ዘፈን ባደርግበትም ባላደርግበትም ያው ነው። እ…ም…ም… ይላል። ቤቴ የንብ ቀፎ የሰቀልኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ከኔ በፊት ማን አይቶታል?»

«ሁለት ሰው። አንዱ ሆዱን ከፍቶ የማላውቀውን ነገር ሁሉ ቀያየረለት፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ደግሞ ሳይከፍት ነው መድኃኒቱን ያዘዘልኝ። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር ቁረጧት፣ ወዲያው ጸጥ ይላል አለኝ። በእጁ ፒንሳ ስላልነበረ ነው የተረፈችው።»

ጆሮው የዕቃውን ገመድ ስቦ መሰኪያውን አየ። ሦስቱም እግሮች አሉ። ሁለቱ ኮረንቲ ያመላልሳሉ። ሦስተኛዋ ሥራ የፈታች ትመስላለች እንጂ ዕቃው ውስጥ ኮረንቲ ቢያፈተልክ፣ በሰው በኩል ሳይሆን በሽቦ አድርጎ ወደ መሬት የሚወርደው በእሷ ነው። በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረጋትና መሰኪያውን ግድግዳው ላይ ሰካ። ከራሱ ስፒከሮች ጋር አገናኝቶ ዐይኑን ጨፈነ።

ምንም የለም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። አሁንም ምንም።

«የታለ?» አሉ መምህር፣ ምስክራቸው ችሎት ላይ የከዳቸው ሰው መስለው። «ትናንት እኮ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው ነበር!»

«ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚሻለው በሽተኛ አለ» አለ ጆሮው። «ይውሰዱትና ይሞክሩት እስቲ።»

ሐሙስ ዕለት መምህር በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልለው መለሱት። ቤት ሲገባ ያጉረመርማል፤ ሱቅ ሲመጣ ዝም ይላል። ጆሮው እንደገና አዳመጠውና ስፒከሩን አጠፋ።

«መምህር፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። የታመመው ቤትዎ ነው።»

«ቤቴ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ቤቴን ራሴ ቆሜ ነው ያሠራሁት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም!»

«እንግዲያው ሄጄ ላዳምጠዋ።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መለኪያውንና ትንሿን የዕቃ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። የመምህር ቤት አሥራ ሁለት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከቆሙበት ረድፍ መሐል ስድስተኛው ነው። በሩን የከፈተችለት ምራታቸው ናት። ባሏ፣ የመምህር አንድያ ልጅ፣ ረጅም መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር አራት ወይም አምስት ቀን ነው ቤት የሚገኘው። እሷ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ቤት ናት። እዚህ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ነገር ግን አሁንም ወንበር ስታነሣ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቃ ነው፤ እንግድነቷ ገና አላለቀም።

ሳሎኑ አንድ ግድግዳ ሙሉ ሸክላ ነው። የመምህር ባለቤት፣ ካረፉ አራት ዓመት የሆናቸው፣ እያንዳንዱን ሸክላ በጨርቅ ከረጢት ከተው፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተለያየ ክር ሰፍተውበታል፤ ቀይ የደስታ፣ ሰማያዊ የትካዜ፣ ቢጫ «ምን እንደሆነ እንጃ»። መምህር ከሰማያዊዎቹ አንዱን መዘዙ።

«ለምን ይህን ያህል እንደምነዘንዝህ ላስረዳህ» አሉት። «እዚህ ላይ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሿን ስትስብ ይሰማ ነበር። አንዲት ትንፋሽ ናት። ባለቤቴ እዚያች ላይ ስትደርስ እጄን ጭምቅ ታደርገው ነበር። ዘፈኑንማ ጎረቤትም ያዘፍነዋል። እኔ ያጣሁት ያቺን ትንፋሽ ነው።»

አምፕሊፋየሩን አበሩት። እ…ም…ም…። ጆሮው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ቆየና ከዕቃዎቹ ጀርባ ተንበረከከ። የሸክላ ማጫወቻውን ገመድ ነቀለ፤ ማጉረምረሙ አልቆመም። መልሶ ሰካው። ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ገመድ ነቀለ፤ ጸጥ አለ። መልሶ ሲሰካው ማጉረምረሙም ተመለሰ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ወርዶ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ፈታ። እንደገና ጸጥ አለ።

መምህር አጨበጨቡ። «አገኘኸው! በቃ ዲሹን እናውርደዋ። ቴሌቪዥን ማን ያያል? እኔ እንደሆንኩ ዜናውን ከሰዎች ፊት ነው የማነበው።»

«ቆይ መምህር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እስካሁን ያገኘሁት መውጫውን ነው፤ መግቢያውን አላገኘሁም።»

የፈታውን የዲሽ ገመድ ጫፍ በጎማው በኩል ያዘ። ብረቱን በእጁ አልነካውም። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በገመዱ ብረት፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ብረት ላይ አሳረፈ።

«ዘጠና» አለ።

«ዘጠና ምን?»

«ቮልት። ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት።»

መምህር ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቁጥሩ ተንሸራትቶ ሁለት ላይ ቆመ። ማንም ምንም አልነካም። ጆሮው ቀና ብሎ ቤቱን አዳመጠ። ከወጥ ቤት ማቀዝቀዣው እንደበፊቱ ይሰማል። ሌላ የተለወጠ ነገር አልሰማም።

«አሁን እዚህ ቤት ውስጥ ምን ጠፋ?»

«ምንም» አሉ መምህር።

«የውሃ ማሞቂያው» አለች ምራታቸው ከኮሪደሩ። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። «ቀይ መብራቱ አሁን ነው የጠፋው። ውሃው ሲሞቅ ራሱ ያጠፋል።»

«እስቲ ልጄ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ክፈቺና መልሶ እንዲበራ አድርጊው።»

እሺ ብላ ሄደች። ጆሮውም ማብሪያውን ለማየት ተከተላት። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወፍራም የጎማ ጫማ አጠለቀች፤ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ደረቅ ጨርቅ አንሥታ ቀኝ እጇ ላይ ጠቀለለች። ከዚያ ነው እጇን ወደ ቧንቧው የዘረጋችው።

«ቆይ! ቆይ!» አለ ጆሮው። «ቧንቧ ለመክፈት ጨርቅ ለምን ያዝሽ?»

ዘወር ብላ መጀመሪያ ያየችው እሱን አይደለም፤ ከኋላው የቆሙትን አማቷን ነው።

«ይነክሰኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይኸው፣ አሁንም ጀመርሽ!» አሉ መምህር። ወደ ጆሮው ዞረው፣ «ቧንቧው ይነዝረኛል ትላለች። እኔ በየቀኑ ከዚሁ ቧንቧ ነው የምታጠበው፤ ምንም ነክቶኝ አያውቅም። ባሏም በስልክ ነገራት፤ ድካም ነው፣ ነርቭ ነው ብሎ።»

«መምህር፣ እርስዎ ሲታጠቡ ማሞቂያውን ያበራሉ?»

«እኔ? ማሞቂያ ለሰነፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምታጠበው!»

ጆሮው ጨርቁን ከምራቲቱ እጅ ተቀበለ፤ የራሱ ጫማ ሶሉ ጎማ መሆኑን አይቶ ገባና ሙቅ ውሃውን ከፈተ። ሁለት ደቂቃ ያህል ፈሰሰ። ቀይዋ መብራት በራች። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ወለሉ ላይ ካለው የውሃ መውረጃ ብረት ላይ አደረገ።

«ዘጠና አንድ» አለ። መለኪያውን ለመምህር ሳይሆን ለምራቲቱ አዞረላት። «ነርቭሽ አይደለም ልጄ። እይው።»

እሷ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አየችው። እንባም አልመጣባትም፤ አልሳቀችም። ስድስት ወር ሙሉ ራሷን ስትጠረጥር ኖራ፣ አሁን ያ ጥርጣሬ ባንድ ጊዜ የት ይሂድ? «ስንት ሲሆን ነው ሰው የሚገድለው?» ብላ ጠየቀች፣ በፋርማሲ ድምፅዋ፣ ስለ መድኃኒት መጠን እንደምትጠይቅ።

«እጅሽ እርጥብ፣ እግርሽ ባዶ ከሆነ ይኼም በቂ ነው። ጨርቁና ጫማው ናቸው ያቆዩሽ።»

ጆሮው በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ሄዶ የማሞቂያውን ብሬከር አወረደው። ከዚያ ከሳጥኑ የሚወጣውን የመሬት ሽቦ በዐይኑ እየተከተለ ግድግዳውን ዞሮ ጓሮ ወጣ። ሽቦው በግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ውሃ ወደ ቤቱ በሚገባበት የብረት ቧንቧ ላይ በማቀፊያ ታስሯል። ማሰሪያው ጥሩ ነው፤ ያሰረው ሰው ባለሙያ ነበር። ጆሮው ቁጢጥ ብሎ አፈሩን በካቻቢቴው ጫር ጫር አደረገው። የብረቱ ቧንቧ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፕላስቲክ ነው።

«ይኼ መቼ ተቀየረ?»

«እሱማ ሰባት ወር ሆነው» አሉ መምህር። «አሮጌው ዝጎ ውሃችን ሻይ መስሎ ነበር። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን በረድፉ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ባንድ ሳምንት ቀየረልን። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ አንዲት ጠብታ አትፈስም።»

«ጥሩ ሠራተኛ ነው። የሚያውቀው ግን ውሃ ነው።»

ጆሮው እጁን ከአፈሩ አራግፎ ተነሣ። ነገሩን ለመምህር ያስረዳቸው ቀስ ብሎ ነው። ይህ ቤት ሲሠራ መሬትን የጨበጠው በዚያ የብረት ቧንቧ ነበር። የማሞቂያው የውስጥ ማሞቂያ ብረት አርጅቶ ኮረንቲ ያፈተልካል። ያፈተለከው በመሬት ሽቦው ወርዶ፣ በቧንቧው አድርጎ አፈር ውስጥ መጥፋት ነበረበት። ብረቱ በፕላስቲክ ሲተካ መንገዱ ተቆረጠ፤ ኮረንቲው ቤት ውስጥ ቀረ። የመሬት ሽቦው ቤቱን ሁሉ ስለሚያዳርስ፣ በማሞቂያው፣ በቧንቧው፣ በሦስተኛዋ እግር በኩልም በአምፕሊፋየሩ ብረት ላይ ተቀምጦ መውጫ ይፈልጋል። ትንሽ መውጫ ያገኘው በዲሹ ገመድ ነው፤ ዲሹ በጣሪያው ብረት በኩል ወደ መሬት ይደርሳል። በአምፕሊፋየሩ ሲያልፍ ያጉረመርማል። እርጥብ እጅ ሲያገኝ ደግሞ በእጁ ያልፋል።

መምህር የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ሰውዬ እግሯን ቁረጡ ሲለኝ» አሉ፣ «ፒንሳ ተውሼ ልቆርጣት ነበር እኮ።»

«ቢቆርጧት ኖሮ አምፕሊፋየሩ ጸጥ ይል ነበር። እርስዎም ትንፋሿን ይሰሙ ነበር። ማሞቂያው ግን ያው ነው።»

«አንተ ግን እንዴት አወቅህ? ሌሎቹ ዝም ለማሰኘት ነበር የሚሯሯጡት።»

ጆሮው ከደረጃው ታች ከቆመች የውሃ ባልዲ ጋር የሚነጋገር ይመስል አቀረቀረ።

«እኔ ቆርጬ አውቃለኋ» አለ።

ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ የመዘምራን ቡድን የሚለማመድበት አዳራሽ ውስጥ አምፕሊፋየሩ አጉረመረመ፤ ዝግጅቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ሥሩን የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም፤ ወይም እንደሌለው አሰበ። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር በፒንሳ ቀረጠፋት። ጸጥ አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ከአራት ወር በኋላ፣ ወለሉ ገና ተወልውሎ ሳይደርቅ፣ አንዲት ዘማሪ ማይክራፎኑን ጨበጠች። አለቀቃትም። አንድ ሰው ገመዱን በእርግጫ ነቅሎ አዳናት፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም።

«ዘበኛው ነው የሚወለውለው። ወለሉን እርጥብ ትቶ ነው ብለው እሱን አባረሩት» አለ ጆሮው። «እኔን ደግሞ ዕቃውን እንዳየው ጠሩኝ። መሰኪያውን ሳየው አወቅኩት፤ የራሴ አቆራረጥ ነው። አዲስ ገጠምኩና አሮጌውን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ዓመት ቻልኩት። ከዚያ ዘበኛውን ፈልጌ አገኘሁት፤ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ሰው ይመዝናል። ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝና ‹ያኔ አፍህን ማን ሰፋው?› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። የሚመዘን ሰው መጥቶ ስለነበር ወደ እሱ ዞረ። አዳራሹም ሄጄ ተናገርኩ፤ አለቃው ተቀይሯል፣ አዲሱ ያረጀ ነገር ነው አለኝ። ዘማሪዋን ግን አላገኘኋትም። ከከተማው ወጥታለች አሉኝ።» ቦርሳውን ከመሬት አነሣ። «ከዚያ ወዲህ እግሩ የተቆረጠ መሰኪያ ሱቄ ከገባ ሳልቀይረው አይወጣም። አንዳንዱ ማን ጠየቀህ ብሎ ይሰድበኛል። ይስደበኝ።»

መምህር ከደረጃው ለመነሣት ግድግዳውን ያዙ። ጆሮው ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ተወኝ አሉትና ወደ ውስጥ ገቡ። ምራታቸው ወጥ ቤት ቆማ ነበር።

«ልጄ» አሉ። ክፍል ውስጥ አርባ ተማሪ ፊት ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ድምፃቸው ተሰበረ። «ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም።»

«አንዴ ብቻ እኮ ነው የነገርኩዎት አባባ።»

«ለምን አልደገምሽልኝም?»

«ስቀው ነበራ» አለች።

በቁጣ አይደለም፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ ለጠየቃት ሰው እንደምትመልሰው ነው። መምህር ግን ያችን አንዲት ቃል ለመቀበል ወንበር መሳብ አስፈለጋቸው። ተቀመጡ፤ እሷም ትይዩአቸው ተቀመጠች። ስለ ቧንቧው ብቻ ሳይሆን ስለ ብዙ ነገር ያወሩት ያን ዕለት ነው፤ ምን ምን እንደተባባሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጆሮው ጓሮ ሆኖ ሥራ የያዘ መስሎ የታሰረ ማቀፊያ ሲፈታና ሲያስር ቆየ።

የቤት መስመር የጆሮው ሙያ አይደለም። ሰኞ ዕለት አንድ የሚያምነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ከሰው የሚረዝም የመዳብ ዘንግ ጓሮው ውስጥ፣ የልብስ እጣቢ በሚፈስበት እርጥብ ቦታ ላይ ሊቀብሩ ተነሡ። መምህር ወንበር አውጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና ሥራው ወደ ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተለወጠ። «እዚህ ላይ ጥቁር አፈር ነው፤ እርጥበት ይይዛል። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ሸክላ አፈር ታገኛላችሁ። ከዚያ በታች ኮረት አለ፤ እኔ ብሆን ወደ ግራ ፈቀቅ እል ነበር።»

ሠራተኛው ወደ ግራ ፈቀቅ አላለም። ዘንጉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ኮረት ገጥሞት እምቢ አለ። መነቀል ነበረበት። ወደ ግራ ፈቀቅ ብለው ሲመቱት እየተምዘገዘገ ወረደ። መምህር ወንበራቸውን በኩራት ወደ ፊት ሳብ አደረጉት። አሮጌው ማሞቂያ ወጥቶ አዲስ ተሰቀለ፤ ሳጥኑ ውስጥም ኮረንቲ ማፈትለክ ሲጀምር ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ተገጠመ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጆሮው ቧንቧውን ለካው። ዜሮ። ማሞቂያውን አብርቶ እንደገና ለካው። ዜሮ።

«እኔም ልለካው» አለች ምራቲቱ። መለኪያውን ተቀብላ ጫፎቹን የት የት እንደምታሳርፍ አንዴ ብቻ ጠይቃ ራሷ ለካች። ከዚያ መለኪያውን አስቀመጠች፤ የጎማ ጫማዋን አወለቀች፤ ባዶ እግሯን እርጥቡ ወለል ላይ አደረገች። ሦስቱ ወንዶች በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ዋጡ። መጀመሪያ በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው። ቀጥሎ በሙሉ መዳፏ ጨበጠችው።

«እ?» አሉ መምህር።

«ውሃ ነው» አለች።

ሠራተኛው ሲሄድ መምህር ያን ሰማያዊ ክር ያለበት ሸክላ አወጡ። ዲሹም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ማሞቂያውም እንደበሩ ናቸው። አምፕሊፋየሩ በራ፤ የሚያጉረመርም ነገር የለም። መርፌዋ ሸክላው ላይ አረፈች። መምህር ቀኝ እጃቸውን ሶፋው ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ ዘርግተው ዐይናቸውን ከደኑ።

ዘፋኟ ጀመረች።

«ሰማሃት?» አሉ መምህር፣ ዐይናቸው እርጥብ ሆኖ። «ሰማሃት ትንፋሿን?»

ጆሮው አዎ ሊል ነበር። ማን ያውቅበታል? አንድ «አዎ» ነው፤ ሽማግሌውንም ደስ ያሰኛል። ግን አላለም።

«አልሰማኋትም መምህር» አለ። «ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ጆሮዬ ከተወ ቆይቷል። ወፍራሙን ነው አሁን የምሰማው። ሱቅ ውስጥ ማንም አያውቅም፤ ለሚስቴም አልነገርኳት።»

ይህን ሲናገር አፍራለሁ ብሎ የጠበቀውን ያህል አላፈረም። መምህር መርፌዋን አንሥተው ወደ መጀመሪያው መለሱ። ምራታቸው ጆሮው አጠገብ መጥታ ቆመች። ሸክላው መዞር ሲጀምር አንድ ጣቷን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ልክ ትንፋሹ ላይ ሲደርስ ጣቷን ዝቅ አደረገች። ዘፋኟ ያኔ ጀመረች። ጆሮው ትንፋሹን አልሰማውም፤ የት እንደነበረ ግን አወቀ።

ሊወጣ ሲል ምራቲቱ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ያ የቧንቧ ሠራተኛ የሁሉንም ቤት ነው እኮ የቀየረው።»

«እኔም እሱን ሳስብ ነበር።»

«ከታች ጥግ ያለችው ጎረቤታችን ሁለት ልጆቿን ገንዳ ውስጥ ነው የምታጥባቸው።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ ጆሮው። «እስከዚያ ማሞቂያዋን እንዳታበራ ዛሬውኑ ንገሪያት።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም በረድፉ ላይ በር ማንኳኳት ጀመሩ፤ መምህር ከፊት ከዘራቸውን ይዘው፣ ጆሮው መለኪያውን፣ ምራቲቱ ደግሞ የትኛው ቤት ምን እንዳለው የምትጽፍበት ደብተር። የመጀመሪያው በር የከፈቱት አንድ ወፍራም ሰውዬ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ።

«መምህር፣ ቧንቧ ጥርስ አወጣ ነው የምትሉኝ?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ስቄ ነበር» አሉ መምህር። «ስድስት ወር ሙሉ። አሁን እባክህ አሳልፈን።»

ሰውየው አሳለፏቸው። ቤታቸው ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ሠሪው መጀመሪያውኑ የመሬት ዘንግ ቀብሮ ነበር። «አላልኩም?» አሉ። በሁለተኛው ቤት ሽቦው ከአንድ ክንድ ብረት ጋር ታስሮ፣ ብረቱም ከፕላስቲክ ጋር ተቀጥሎ ተገኘ። በሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ቤት ሰው አልነበረም፤ ምራቲቱ ወረቀት ጽፋ በበሩ ሥር ሰደደችላቸው።

አምስተኛውን በር የከፈተችው አንዲት ወይዘሮ ናት፤ ዕድሜዋ ከምራቲቱ ብዙ አይበልጥም፤ በመንገድ ሲተላለፉ ሰላም ከመባባል በቀር አውርተው አያውቁም። መምህር ማስረዳት ሲጀምሩ ሴትዮዋ አላየቻቸውም፤ ዐይኗ ምራቲቱ እጅ ላይ ካለው ደረቅ ጨርቅ ላይ ተተክሏል። በየቤቱ ቧንቧውን ሳይለኩ በባዶ እጅ እንዳይነኩ ብላ ይዛው ነው የወጣችው።

«አንቺንም ይነዝርሻል?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ እኮ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።»

«የትኛው ቧንቧ ነው?» አለቻት ምራቲቱ፣ መለኪያውን ከጆሮው እጅ ተቀብላ፣ ቀድማ ወደ ውስጥ እየገባች።